ሱሳቸውን ቬትናም ጥለው የተመለሱ ወታደሮች

ሴፕቴምበር 1971። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአንድ ዓመት ግዳጁን የጨረሰ አሜሪካዊ ወታደር ከቬትናም ወደ አገሩ ሊበር ጓዙን ሸክፏል። ከመሳፈሩ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። በትንሽ ዕቃ ሽንቱን ይሰጣል፤ የሌላ ሰው ሽንት እንዳያቀርብም ተቆጣጣሪ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። የሄሮይን ዱካ ካልተገኘበት ይሄዳል። ከተገኘበት ይቀራል፤ ሰውነቱ እስኪጠራ ድረስ ለቀናት ተይዞ ይቆያል። ይህ ዘመቻ «ኦፕሬሽን ጎልደን ፍሎው» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ «ወርቃማው ፍሰት» እንደማለት ነው።

ስለ ሱስ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ወይ የዕፁን ክፋት ወይ የሰውየውን ድክመት ነው። ልጁ ሕክምና ገብቶ፣ ወራት ተቀምጦ፣ ፊቱ ወዝ አውጥቶ ይወጣል። ቤተሰቡ «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ ያገረሽበታል። ያኔ ጣታችን ወዲያው ወደ ልጁ ይቀሰራል፤ ቃሉን አልጠበቀም፣ ልቡ አልቆረጠም እንላለን። ከሕክምናው ሲወጣ የተመለሰው ወዴት ነበር ብለን ግን አንጠይቅም። እኔ ይህን ጥያቄ ከቬትናም ወታደሮች ጉዳይ በተሻለ የሚያስነሳ ታሪክ አላውቅም፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ዕፁ ወደ ካምፑ የገባበት መንገድ

በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት በወታደሩ ዘንድ የተለመደው ማሪዋና ነበር። ሠራዊቱ ዘመቻ ከፈተበት፤ ጭሱ ስለሚሸት፣ ቅጠሉም ቦታ ስለሚይዝ አጫሹን መያዝ ቀላል ነበር። በ1970 የጸደይ ወራት ግን ሌላ ነገር መጣ። በርማ፣ ላኦስና ታይላንድ በሚዋሰኑበት «ወርቃማው ሦስት ማዕዘን» በሚባለው አካባቢ ከሚመረት ኦፒየም የተነጠረ ነጭ ሄሮይን ነው። ንጥርነቱ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ከተሞች ጎዳና ላይ የሚሸጠው ደግሞ ከሌላ ዱቄት ጋር እየተቀየጠ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይወስናል። ደካማውን ሄሮይን በውድ ዋጋ የገዛ ሰው ቅንጣት ሳያባክን ደሙ ውስጥ ለማስገባት መርፌ ያነሳል። ቬትናም ያለው ወታደር ግን ከሲጋራው ጫፍ ትንሽ ትምባሆ አራግፎ ዱቄቱን ይጨምርበትና ያጨሰዋል፤ በጭስ ብቻ እስኪበቃው ያደነዝዘዋል። አይሸትም። ጓደኛው ሲያየው ሲጋራ ነው፣ አለቃው ሲያየውም ሲጋራ ነው። መርፌ የሚያስፈራው የ19 ዓመት ልጅ ሲጋራ አያስፈራውም። ዱቄቱ በትናንሽ ብልቃጥ ተሞልቶ በመንገድ ዳር፣ በካምፕ በር ላይ፣ አንዳንዴም እዚያው ካምፑ ውስጥ በጥቂት ዶላር ይሸጥ ነበር።

ማሪዋናን ማሳደዱ ለሄሮይን በር ከፈተለት የሚሉ አሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ በዚያ ንጥርነትና በዚያ ዋጋ የመጣ ዕፅ ማሪዋና ባይከለከልም ገዢ የሚያጣ አይመስለኝም። የሚሸተውን ሲያሳድዱ የማይሸተው በጎን ሾልኮ መግባቱ ግን እውነት ነው።

የዋሽንግተን ድንጋጤ

በሜይ 1971 ሮበርት ስቲልና ሞርጋን መርፊ የተባሉ ሁለት የኮንግረስ አባላት ካደረጉት ጉዞ ተመልሰው ሪፖርት አቀረቡ። ቬትናም ካለው የአሜሪካ ወታደር ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው የሄሮይን ሱሰኛ ነው አሉ። ያኔ ቬትናም የነበረው ጦር ገና ከ200,000 በላይ ስለሆነ ቁጥሩ በአሥር ሺዎች የሚገመት ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በየወሩ በገፍ ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር።

ፍርሃቱ ሊገባን ይገባል። በዚያ ዘመን ሐኪሙም ፖሊሱም የሚያውቀው ሄሮይን አንዴ ከያዘ የማይለቅ ነበር። ኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን ውስጥ በ1935 የተከፈተ የፌዴራል መንግሥት የሱስ ሆስፒታል ነበር፤ አስተኝቶ፣ አጥርቶ፣ አክሞ ይመልሳል። በ1962 የወጣ ጥናት ከዚህ ሆስፒታል ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ የተመለሱ ታካሚዎችን ተከታትሎ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዳግም ሱስ ውስጥ እንደገቡ፣ አብዛኞቹም በ6 ወር ውስጥ እንደሆነ አሳየ። ይህን የሚያውቅ ባለሥልጣን መሣሪያ መተኮስ የሠለጠኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሄሮይን ሱሰኞች ወደ አሜሪካ ከተሞች ሊፈሱ ነው ሲባል ምን ይሰማዋል?

ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጁን 17 ቀን 1971 በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የአደንዛዥ ዕፅን ነገር የአገሪቱ ቁጥር አንድ የሕዝብ ጠላት አሉት። ለዚሁ ጉዳይ በዋይት ሀውስ ሥር ልዩ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ኃላፊ አድርገው የሾሙትም ጀሮም ጃፌ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ነው። ጃፌ ቺካጎ ውስጥ ሱሰኞችን ሜታዶን በተባለ የሄሮይንን ሐራራ በሚያስታግሥ መድኃኒት ያክም የነበረ፣ ሱሰኛን እንደ ታማሚ ማየት የለመደ ሰው ነው። የሽንት ምርመራው በቀናት ውስጥ እንዲጀመር አደረገ። ከምርመራው የሚበልጠው ውሳኔ ግን ሌላው ነው፤ ሽንቱ ሄሮይን ያሳየ ወታደር በዚያ ብቻ ለጦር ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ ተደረገ። ቅጣቱ የአውሮፕላኑ መዘግየት ሆነ። አገሩን ለናፈቀ ልጅ ከዚህ የበለጠ ማስፈራሪያ የለም። ብዙዎቹ የመመለሻ ቀናቸው ሲቃረብ ራሳቸው አቆሙ።

ጠያቂዋ ሴት

ጃፌ ሌላም ነገር አደረገ፣ መንግሥታት ብዙ ጊዜ የማያደርጉትን። የተመለሱት ሰዎች ምን እንደሆኑ የሚያጣራ ሰው ፈለገ። ሥራው ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ለነበረች ሊ ሮቢንስ ለተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ተሰጠ።

ሮቢንስ ወደ ሕክምና የመጡትን አልጠበቀችም። የጥናቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 1971 ከቬትናም ከወጡት ተራ የምድር ጦር ወታደሮች መካከል ሁለት ቡድን በዕጣ አወጣች፤ አንዱ ከሁሉም የተወሰደ ወደ 470 ሰው፣ ሌላው በመውጫ ምርመራው ሄሮይን ከተገኘባቸው የተወሰደ ወደ 495 ሰው። ከተመለሱ ከ8 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በመላ አገሪቱ እየተፈለጉ ወደ 900 የሚሆኑት በአካል ተጠየቁ፤ ሽንታቸውም ዳግም ተወሰደ። ዋሽተው እንዳይሆን ቃላቸው ከጦሩ መዝገብ ጋር ተመሳከረ። መዝገቡ ተጠቃሚ ነበሩ የሚላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም አዎ ብለው ተናግረዋል።

ውጤቱ በመጀመሪያ የሚያስደነግጥ ነበር። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ወታደር ቬትናም ሳለ ሄሮይን ወይም ኦፒየም ቀምሷል፤ ሄሮይንን ብቻ ብንወስድ 34 በመቶ። ከአምስቱ አንዱ ሱስ እንደያዘው ተናገረ። ሁለቱ የኮንግረስ ሰዎች ያሉት አልተጋነነም፤ እንዲያውም አንሷል።

ቀጥሎ ያለው ግን የሮቢንስን አንባቢዎች አላሳመነም። ቬትናም ውስጥ ሱስ ከያዛቸው መካከል ከተመለሱ በኋላ በዚያ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ዳግም ሱስ ውስጥ የገቡት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሦስት ዓመቱ ክትትል 12 በመቶ፤ እነሱም አብዛኞቹ ለአጭር ጊዜ። ለውጡን በሕክምና ማስረዳትም አይቻልም፤ ከመካከላቸው አገር ቤት ገብቶ ሕክምና ያገኘው ጥቂቱ ነው። ጥናቱ ለመንግሥት የተሠራ ነውና ሐሰት ነው፣ ጦርነቱን ለማሳመር ነው ያሉ ነበሩ። ሮቢንስ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንኑ ቁጥር እየደገመች ማስረዳት ነበረባት።

ምን ሆነው ነው ታዲያ?

ስንፍናም ጥንካሬም አይደለም። ኒው ዮርክ ተመልሰው የወደቁት ታካሚዎችና አገራቸው ገብተው የተረፉት ወታደሮች ሄሮይኑ አንድ ነው፤ እንዲያውም የወታደሮቹ ይበረታል። ሰውነታቸው ላይ የሚሠራውም አንድ ነው። ዕፁ አንጎል ውስጥ ካሉ ተቀባዮች ጋር ይገጥማል (እነዚህ ተቀባዮች በላቦራቶሪ የታዩት በ1973፣ የሮቢንስ ጠያቂዎች ሥራቸውን ከጀመሩ በኋላ ነው)፤ ሕመምን ያጠፋል፣ ጭንቀትን ያሟሟል፣ ትንፋሽን ያዘገያል። ሰውነት ሲለምደው መጠን ይጠይቃል። ሲያጣው ማዛጋት፣ የአፍንጫ ውኃ፣ ላብ፣ የቆዳ መውረር፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ጣር ነው፤ በሳምንት ውስጥ ይቀላል። ይህን ሳምንት ሁለቱም አልፈውታል። ሐራራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐራራ ደግሞ አድራሻ አለው።

የኒው ዮርኩ ሰው የተመለሰው ወደዚያው ደረጃ፣ ወደዚያው ጥግ፣ ስሙን ወደሚያውቀው ሻጭ ነው። ወታደሩ ግን አንድ በረራ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ቆረጠለት። ሻጩ ከውቅያኖስ ማዶ ቀረ። አብረውት የሚያጨሱት በየግዛታቸው ተበተኑ። አገሩ ሄሮይን ቢፈልግ እንኳ ሌላ ነገር ነው የሚያገኘው፤ ውድ፣ ደካማ፣ በመርፌ የሚወሰድ፣ ከማያውቀው ሰው በማያውቀው ሰፈር የሚገዛ። ሥራ፣ እናት፣ ሚስት፣ ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት አለው። ቬትናም ውስጥ ያለውን ዓመት ለመግፋት የፈለገው ነገር አገሩ ሲገባ ጥቅሙ አለቀ።

ለምን ትወስዱ ነበር ተብለው ሲጠየቁም መልሳቸው ይህን ይደግፋል። ብዙዎቻችን የጦርነት ሰቀቀን ነው እንላለን። ነገር ግን ብዙዎቹ የጀመሩት ገና እንደደረሱ ነው፤ ምክንያታቸውም ደስ ይላል፣ የሠራዊት ኑሮን እንድንችለው ያደርጋል የሚል ነበር። መሰላቸት፣ መጠበቅ፣ ቀን መቁጠር። ይህን ሳነብ በጣም የነካኝ ነገር ነው፤ ለአስከፊ ነገር አስከፊ ምክንያት እንፈልጋለን፣ ብዙውን ጊዜ ያለው ግን የማያልፍ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ቦታ ሰውነት ውስጥ እንደሚገባ ከዓመታት በኋላ በእንስሳት ላይ ታይቷል። ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሼፐርድ ሲገልና ባልደረቦቹ በ1982 ባወጡት ሙከራ የተወሰኑ አይጦችን ሄሮይን አስለመዱ፤ ከዚያም ያልለመዱትን ጨምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከባድ መጠን ሰጡ። በለመዱት ክፍል ከወሰዱት 32 በመቶ ሞቱ። ያንኑ መጠን በሌላ ክፍል ከወሰዱት 64 በመቶ፤ ጨርሶ ካልለመዱት 96 በመቶ። ክፍሉ ራሱ ሰውነትን «ሊመጣ ነው፣ ተዘጋጅ» ይለዋል። ተዘጋጅቶ ዕፁን ያጣ ሰውነት ደግሞ ያንን ዝግጅት የሚያውቀው እንደ ሐራራ ነው። ከወራት ንጽህና በኋላ የድሮ ክፍሉን በር ሲከፍት ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ይህ ነው የደረሰበት።

ይህ ሙከራ በሕይወት የሚያስከፍል ሌላ ነገርም ይናገራል። ያገረሸበት ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በድሮ መጠኑ ነው። ከሕክምና ወይም ከእስር ወጥቶ፣ ሰውነቱ መላመዱን ረስቶ፣ እጁ ግን ያንኑ ልክ ይዞ፣ ብዙውን ጊዜም ብቻውን ሆኖ ይወስዳል። ትንፋሹ ይዘገይና ይቆማል። ትንፋሽን የሚመልሰው መድኃኒት ናሎክሶን በአሜሪካ የተፈቀደው በዚያው በ1971 ነው። ስለዚህ ከማገገሚያ የሚወጣን ሰው «ከእንግዲህ እንዳትነካ» ብሎ ብቻ መሸኘት በቂ አይደለም። ብትወድቅ የድሮው መጠን ይገድልሃል፣ ብቻህን አትሁን፣ ናሎክሶን ከአጠገብህ አይጥፋ ሊባል ይገባዋል። እንዲህ ማለት መፍቀድ የሚመስላቸው ቤተሰቦች አሉ። ፈቃድ አይደለም፤ ልጁ ሌላ ቀን እንዲኖረው ነው።

ጉዳዩ የማይለውን ላለማስባል

ይህን ጥናት ይዘው ሄሮይን እንደሚወራው አይደለም የሚሉ አሉ፤ ያናድደኛል። ከመጠን በላይ ወስደው ቬትናም የሞቱ ወታደሮች አሉ፤ እነሱን ሮቢንስ መጠየቅ አትችልም። የተረፉትም አብዛኞቹ የወሰዱት ቢበዛ አንድ ዓመት ነው፣ ያውም በጭስ። ሌክሲንግተን የገቡት ደግሞ ለዓመታት በመርፌ የኖሩ ናቸው፤ ሕክምና ደጃፍ የሚደርሰው ሌላው መንገድ ሁሉ ያልሠራለት ሰው መሆኑም አይዘነጋ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ ሁሉ የቦታ ነው ማለቴ አይደለም። ግን 5ን ከ90 የሚያራርቀውን ገደል መርፌና ጊዜ ብቻቸውን ይሞሉታል ብዬ ማመን ያቅተኛል።

«ተላቀቁ» የሚለው ቃልም ሙሉ አይደለም። ቬትናም ውስጥ ሄሮይን የሚወስደው ወታደር አልኮል ቀንሶ ነበር፤ አገሩ ሲገባ ብዙው ወደ ጠርሙሱ ተመለሰ። ጦር ሜዳ የነበረው ሄሮይን ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም፤ አልኮል ግን በየጥጉ አለ። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት ማገገም አይባልም፤ ለአልኮል ሱስም አገሪቱ ሽንት አልመረመረችም።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል ቢሮ በ2022 በዓለም ዙሪያ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱትን ወደ 292 ሚሊዮን ይገምታቸዋል፤ ከነዚህም ወደ 60 ሚሊዮን የሚሆኑት የሄሮይን ዘመድ የሆኑ ኦፒዮይዶችን የወሰዱ ናቸው። ውቅያኖስ አሻግሮ አዲስ ሕይወት ውስጥ የሚያሳርፍ አውሮፕላን ለነዚህ የለም። ሊሠራ የሚችለው አውሮፕላኑ የቆረጠውን በእጅ መቁረጥ ነው፤ ሌላ ክፍል፣ ከተቻለ ሌላ ሰፈር፣ የተለወጠ ስልክ ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላውን የሚሞላ ሥራ፣ ለሚያስፈልገው ሜታዶን ወይም እንደሱ ያለው መድኃኒት ቡፕረኖርፊን ያለ ነውር። የልጁን የድሮ ክፍል አጽድቶ፣ አልጋውን እዚያው አንጥፎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ክፍሉ ግን እንዳለ ነው።

ስለነዚያ 12 በመቶዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ከሮቢንስ ግኝቶች ብዙም የማይነገረው ከግዳጁ በፊት አገር ቤት ሳሉ ዕፅ የለመዱት ከሌሎቹ ይልቅ ዳግም የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ሌሎቹን አውሮፕላኑ ከሱሳቸው ቦታ አርቆ አወጣቸው። እነዚህን ግን ወደ ጀመሩበት ሰፈር፣ መጀመሪያ ወደሰጣቸው ጓደኛ በር ነው ያደረሳቸው። ሽንታቸው ንጹህ ነው ተብሎ፣ ተፈርሞላቸው፣ በሰዓቱ።